ከአውታሩ ወዲያ

ሉማሜ ላይ እንዳላማውን የማያውቅ ቢኖር ገና አሁን ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው። አንዳንዱ አክብሮ "መሪጌታ" ይለዋል፤ እሱ ግን በዚህ ስም ሲጠሩት አይሰማም። ከኋላው ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደጋግሙለትም መንገዱን ይቀጥላል እንጂ ዘወር አይልም። "እንዳላማው" ሲሉት ብቻ ቆሞ "አቤት" ይላል። የመንደሩ ቀልደኞች ይህን አመሉን ስለሚያውቁ "ለመሪጌታ የላክሁትን መልእክት አደራ ለእንዳላማው ስጥልኝ" እያሉ ይሥቁበታል።

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። ከከተማው ጫፍ ጤፍና ስንዴ ያርሳል። ሚስቱ ዘመናይ እንደምትለው፣ ከበሬዎቹ ጋር የሚያወራውን ያህል ከሰው ጋር ቢያወራ ኖሮ እስካሁን ሽማግሌ ሆኖ አገር ያስታርቅ ነበር። በዓል በሆነ ቁጥር ግን ማኅሌት ላይ ቀድሞት የሚቆም የለም። ድምፁ ወፍራም ሆኖ ልዝብ ነው፤ እሱ ሲቀበል የተኛው ሁሉ ይነቃል። የመምራት ተራ ሲደርሰው ግን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና አጠገቡ የቆመውን በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል። አንድ አዲስ የመጡ ቄስ ይህን አይተው እግሩን የሚያመው መስሏቸው በርጩማ አስመጥተውለት ነበር።

ምክንያቱን አገር ያውቀዋል፤ ፊት ለፊቱ ግን የሚያነሣው የለም። እንዳላማው ምርቃት የለውም። በዲማ አካባቢ፣ ከዓይነ ስውሩ የድጓ መምህር ከየኔታ ፍቅረ ሥላሴ እግር ሥር ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ዜማውን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ሊጨርስ አንድ ምዕራፍ ሲቀረው ሳይሰናበት ወጣ። በቤተ ክህነት ትምህርት ደግሞ ማወቅ ብቻውን ወንበር አያዘረጋም። መምህሩ በአንደበቱ "ሂድ፣ አስተምር" ብሎ ካልመረቀ፣ ተማሪው የቱንም ያህል ቢያውቅ ተማሪ ሰብስቦ መቀመጥ ነውር ነው። "ከሌላ መምህር ሄደህ ተመረቅ" ያሉት ብዙ ናቸው። "የእሳቸውን ልፋት ሌላ ሰው ይመርቀዋል?" ነበር ሁልጊዜ መልሱ። እውነቱን ለመናገር ከሐዘኑ ጋር ግትርነትም ነበረበት።

አወጣጡ እንዲህ ነበር። ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ላይ፣ እናትህ ታመዋል የሚል መልእክት ከሉማሜ ደረሰው። ጊዜው ፍልሰታ ነው። የኔታ ሱባኤ ገብተው፣ ከሰው ጋር ቃል ላለመለዋወጥ ተስለው፣ ጎጆአቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። እንዳላማው ጧት በዝናብ ከደጃቸው ሄዶ ቆመ። ሊያንኳኳ እጁን አነሣ፣ መለሰው፤ ደግሞ አነሣ፣ ደግሞ መለሰው። የመምህርን ሱባኤ ማፍረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃል። በመጨረሻ የበሩን መቃን ተሳልሞ ሄደ። አብሮት በአንድ ጎጆ ለሚኖረው ለቢተው ግን "ሳምንት ሳይሞላ እመለሳለሁ፣ ንገርልኝ" ብሎት ነበር። ሳምንቱ ወር ሆነ። እናቱ ከአልጋ አልነሣ አሉ፤ አባቱ ቀድመው ሞተዋል፤ እርሻው እጁን ይጠብቅ ነበር።

ሲወጣ ከመደቡ ሥር አንድ ነገር ትቶ ነበር፤ ቴፑን። ከዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ አሮጌ ቴፕና አንድ ካሴት ገዝቶ ነበር። ካሴቱ የፈረንጅ ነው። ወረቀቱ ላይ ጥቁር የለበሱ አራት ነጮች ትልልቅና ትንንሽ ማሲንቆ ይዘው በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ከተማው ውስጥ ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲሄድ የጣለው ነው አሉ፤ ማንም አልፈለገውም። ያን ጊዜ ገጠር ውስጥ ባዶ ካሴት ከየት ይገኛል? እንዳይቀዳበት ተብለው ጀርባው ላይ የተሰበሩትን የሁለት ጥርሶች ቦታ በወረቀት ወትፎ፣ በፊት በነበረው ላይ መቅዳት ነው እንጂ። እንዳላማውም የኔታን ሊቀዳበት አስቦ ነበር። የኔታ ግን ተቆጡ። "ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው፤ ከሣጥን የሚማር ሣጥን ነው" ብለው ቴፑ ደጃቸው እንዳይደርስ ከለከሉ። እንዳላማው አንድ ቀን ብቻ ብቻውን ሆኖ ካሴቱን ከፈተው። አውታሩ ገና መጎተት ሲጀምር፣ የድጓ ተማሪ ሆኖ ዘፈን ቤት የገባ መስሎት አፈረና ዘጋው።

አዲሱ ዓመት ገብቶ ኅዳር ላይ፣ ከጉንደ ወይን የመጣ የጨው ነጋዴ በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ አምጥቶ ሰጠው። "ከዲማ ሰዎች ነው፤ ለእንዳላማው ስጥ ተብያለሁ" ከማለት በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ሲፈታው ቴፑ ነው፤ ካሴቱም በውስጡ አለ። የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ከፈተው። የየኔታ ድምፅ ነበር። ደኅና ነህ ወይ የለ፣ እናትህ እንዴት ሆኑ የለ፤ በቀጥታ ዜማ ጀመሩ። ያች ሳይማራት የቀረችው ምዕራፍ ናት። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ዘለቁና ድምፃቸው ቆመ። ወዲያው ከሥር የነበረው የፈረንጅ ማሲንቆ ብቅ አለ። እንዳላማው ዘጋው።

ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ነገሩ የገባው መሰለው። የኔታ የሚጠሉትን ሣጥን የተጠቀሙት ተቆጥተው ነው፤ "የጀመርኸውን ውሰድና ሂድ" ብለውታል። ምርቃት ቢኖር ከዜማው በፊት ወይ በኋላ አንዲት ቃል አይጥሉም ነበር? መጨረሻ ላይ የመጣው አውታር ራሱ "ዓለምን መርጠህ የለ፣ ያውልህ ዘፈኑ" ያለው መሰለው። መከሩን ሰብስቦ ሄዶ ከእግራቸው ሊወድቅ ወሰነ። ጥር ላይ፣ መከሩ አውድማ ላይ ሳለ፣ የኔታ ማረፋቸውን ሰማ። ለአርባቸው እንኳ አልደረሰም። ቢተውም መንኖ ዋልድባ ገባ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ያየው የለም።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ። እንዳላማው አገባ፣ ወለደ፣ እናቱን ቀበረ፣ ሴት ልጁን ዳረ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ካሴቱን በእስክሪብቶ አጠንጥኖ ያችን ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ይሰማል። አውታሩ ሊጀምር ሲል አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። ከዚያ ሙዚቃ የሚያውቀው የመጀመሪያውን አንዲት ጉተታ ብቻ ነበር። የካሴቱን ወረቀት እንኳ አራቱ ነጮች እንዳይታዩ ገልብጦ ነው ያስገባው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ የደብሩ የድጓ መምህር ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ነበሩ፤ አራቱ ወዲያው ተበተኑ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ አበረ ሦስት ጊዜ እንዳላማው ቤት ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ልመናው ወደ ቁጣ ተለውጦ ነበር። እስከ ጥቅምት መጨረሻ መምህር ካልተገኘ የቀሩት ሰባቱም ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ፣ ጎጆዎቹም ይፈርሳሉ አሉት። እንዳላማው መሬት መሬት እያየ "ያልተሰጠኝን አልሰጥም" አለ። አቶ አበረ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። ዘመናይ ያን ቀን ምሳ ስታቀርብ ሳህኑን ትንሽ ጠንከር አድርጋ ነው ያስቀመጠችው።

በዚያው ሳምንት ቴፑ ክር መብላት ጀመረ። ቅዳሜ ዕለት የየኔታ ድምፅ መሀል ላይ እንደ ሰካራም ተጎተተና ቆመ። እንዳላማው የተጠላለፈውን ክር በጣቱ እየፈታ አወጣው። ዘመናይ ይህን አይታ፣ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ አሮጌ ካሴት ወደ ስልክ የምትገለብጥ ልጅ እንዳለች ሰምቻለሁና ውሰደው አለችው። እሱ ካሴቱን ለሰው እጅ መስጠት ፈራ። "የእኒህ ሰውዬ ድምፅ ከጠፋ አንተ ከእኔ ጋር አትኖርም፤ እኔ ነኝ የማውቅህ" አለችውና ጋቢውን አምጥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት።

ልጅቱ ሂዊ ትባላለች። ሱቋ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛውን ደጅ የሚያቆም ነው። የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ትሸጣለች፤ ጥግ ላይ ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘ አሮጌ የካሴት ማጫወቻ አላት። የሞቱ ሰዎች ድምፅ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የልቅሶ ሙሾ ሁሉ በእጇ ያልፋል። የእንዳላማውን ካሴት ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ ጀርባው ላይ የተወተፈውን ወረቀት አየችና ፈገግ አለች። እንዳላማው ግን ፈገግታ አላማረውም፤ ልጅን ለሐኪም የሚሰጥ አባት መስሎ ከፊቷ ቆሟል።

"ልጄ፣ የምፈልገው የመምህሬን ድምፅ ብቻ ነው" አላት። "አውታሩ ሲመጣ ቁረጭው። ከዚያ ወዲያ ምንም የለበትም።"

ማጫወቻው አንዱን ገጽ ጨርሶ ነው የሚገለብጠው፣ መቁረጡ በኋላ በኮምፒውተር ነው አለችው። ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ ሻይ ጠጥቶ እንዲመለስ በትሕትና ነገረችው። ወጣ። ሻይ ቤት ገብቶ አዘዘ፤ ሻዩ ፊቱ ቀዘቀዘ። ካሴቱ የሰው ማጫወቻ ውስጥ ሲበላ በዓይነ ኅሊናው ይታየው ነበር። ሳይጠጣው ተነሣ።

መንገዱን ሲሻገር ሂዊ ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ማዳመጫው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፊቷ ልክ አልነበረም። እንዳላማው ክሩ ተበጠሰ ብሎ ነበር ያሰበው።

"አባባ" አለችው፣ "እንዳላማው የሚባለው ማን ነው?"

ስሙን አልነገራትም ነበር። አባባ ከማለት በቀር ምን ልትጠራው እንደምትችል አልጠየቀችውም፣ እሱም አልተናገረም። "እኔ ነኝ" አለ። "ማን ነገረሽ?"

"ካሴቱ ውስጥ ይጠሩዎታል።"

እንዳላማው ልጅቱን አተኩሮ አያት። ተሳስታለች፤ ዜማው ውስጥ የሰማችው ሌላ ነገር ይሆናል። ያን ካሴት እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምቶታል፤ የየኔታን ትንፋሽ፣ የየኔታን ሳል፣ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ከሩቅ የሚጮኸውን ውሻ ሳይቀር ያውቀዋል። ስሙ በውስጡ የለም። ይህን ሊያስረዳት ጀመረ፤ እሷ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

"ከዜማው ውስጥ አይደለም" አለች። "ከአውታሩ ወዲያ ነው።"

አስገብታ ወንበሯን ሰጠችው። አልተቀመጠም። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የድምፁን መልክ አሳየችው፤ መጀመሪያ ዜማው፣ ቀጥሎ ረጅም የአውታር ሙዚቃ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ትንሽ ለየት ያለ ቦታ ነበር። እሱ ከዚያ ሁሉ ምንም አላየም። እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ነካ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው።

መጀመሪያ የሌላ ሰው ድምፅ መጣ። "የኔታ፣ አሁን ይናገሩ" ይላል። እንዳላማው ወዲያው አወቀው፤ ቢተው ነው። ወጣት ነበር፤ ለካ ያን ጊዜ ሁላቸውም ወጣት ነበሩ። ቀጥሎ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ።

"እንዳላማው" አሉ የኔታ።

እንዳላማው ሱቁ ውስጥ፣ ከስልክ ሽፋኖቹ መሀል፣ "አቤት" አለ።

"ቢተው ዜማው መግባቱን ልየው ብሎ ቢከፍተው እነዚህ ባለ አውታሮች መጡ። ሊያጠፋቸው ሲል ተው አልሁት። ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። አራት ናቸው። አንዱ ሲያነሣ ሦስቱ ይጠብቁታል፤ ሲደክመው ይቀበሉታል፤ ማንም በማንም ላይ አይጮኽም። ይህን ሣጥን ስጠላው ኖሬ በእርጅናዬ አስተማረኝ። አንተም ስማው ብዬ ሳላስጠፋው ትቼልሃለሁ። እዚህ ከደረስህ መቼም ሰምተኸዋል።"

ሂዊ ዓይኗን ወደ መደርደሪያው መለሰች። የኔታ ቀጠሉ።

"በዚያ ጧት ከደጄ ቆመህ ነበር። ኮቴህን አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ እጅህን እንዳነሣህም አውቄያለሁ፤ ጋቢህ ይንኮሻኮሽ ነበር። ሱባኤ ይዤ ቃል ማውጣት ባልችል በልቤ ሸኝቼሃለሁ። እናትህን አስታም፤ እሱም ትምህርት ነው። የቀረችህን ምዕራፍ ይኸው ልኬልሃለሁ። ጨርሰሃል። መርቄሃለሁ፤ ወንበር ዘርግተህ አስተምር፤ የያዝኸውን ይዘህ እንዳትቀበር። ይህ ሲደርስህ 'ሰምቻለሁ' ብለህ በመንገደኛ ቃል ላክልኝ። እጠብቃለሁ።"

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አራቱ ባለ አውታሮች ከመሀል ጀምረው ቀጠሉ።

እንዳላማው ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። አላለቀሰም፤ ማልቀስ የሚያውቅ ሰው አይመስልም ነበር። መጀመሪያ የሰማው "መርቄሃለሁ" የሚለውን ነበር፤ ጆሮው ውስጥ የቀረው ግን "እጠብቃለሁ" የሚለው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር። የተማሪዎቻቸውን ሁሉ ኮቴ ለይተው የሚያውቁ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ ሁለት ወር ሙሉ ከደጃቸው ተቀምጠው የሚመጣ የሚሄደውን መንገደኛ ሁሉ ኮቴ ሲያዳምጡ ታዩት። ከሉማሜ ቃል የያዘ አንድም አልመጣም። ቃል የሚልከው ሰው ተኮርፌያለሁ ብሎ አኩርፎ ተቀምጦ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሱ የጠላው ሙዚቃ ምርቃቱን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቆ አስቀምጦለታል፤ እሱ ደግሞ በየሳምንቱ ቅዳሜ በገዛ አውራ ጣቱ ሲዘጋበት ኖሯል።

ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለውና ከወንበሩ ሊነሣ ቃጣው። የልጁ ሠርግ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ሚዜዎቹ ዘፈኑን የሚቀዱበት ካሴት አጥተው ሲለምኑት "የየኔታ ድምፅ እስኪያልቅ ጠብቁ እንጂ ከዚያ በኋላ ያለው አውታር ነው፤ እሱን አጥፍታችሁ ቅዱበት" ብሎ የሰጠው ራሱ ነበር። በሦስት ሰው ጣት ቢጫኑት ቀዩ የመቅጃ ቁልፍ አልወርድ አለ፤ ዝጎ ኖሯል። ያን ቀን እንግዳ ፊት አዋረደኝ ብሎ ቴፑን የሰደበውን ስድብ ዘመናይ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። እንዳላማው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ሂዊ ውሃ አምጥታ ሰጠችው። ከጠጣ በኋላ ከመጀመሪያው እንድትከፍትለት ጠየቃት። የኔታ "ሰምተኸዋል" ብለውት አሁንም ዘሎ ነው የደረሰው፤ ይህ ውሸት ሆኖ ከበደው።

ከፈተችለት። ዜማው አለፈ። ያች የሚያውቃት የመጀመሪያዋ ጉተታ ስትመጣ አውራ ጣቱ በልማዱ ጉልበቱ ላይ ተጫነ፤ ግን የሚዘጋው ቁልፍ አልነበረም። ሁለተኛዋን ሰማ። ሦስተኛዋን ሰማ። ቀጭኑ ድምፅ ብቻውን ወጣ፤ ሌላው ከሥሩ ገባ፤ ወፍራሙ ደግሞ፣ ነገር እንደሚያረጋግጥ ሽማግሌ፣ አልፎ አልፎ አንዲት ቃል ይጥላል። ማኅሌት ላይ ቀኝና ግራ ቆሞ መቀባበልን እንዳላማው ያውቃል፤ እነዚህ ደግሞ ቀኝም ግራም ሳይኖራቸው አራቱም ይመሩ ነበር፣ አራቱም ይቀበሉ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ዝም አሉ። እንዳላማው አለቀ ብሎ ቀና አለ። አላለቀም፤ ዝም ያሉት ቀጭኑን ሊጠብቁት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከየኔታ በቀር ማንም ሊያስተምረው እንደማይችል ያን ጊዜ ገባው፤ እሳቸውም ያስተማሩት ከሞቱ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

ሂዊ የካሴቱን ወረቀት ከሽፋኑ አውጥታ ገልብጣ አነበበችው። የሚጫወቱት ኳርቴት የሚባል ነው አለችው፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ከዚያ ከፍ ያለ፣ አንድ ደግሞ ከጉልበት መሀል የሚያዝ ትልቅ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተደረሰ ነው፤ የደረሰው ሰው ስም ያለበት ግን በእጅ ብዛት ተልጦ አይነበብም አለች። እንዳላማው አራቱን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና አድርጎ አያቸው። መላጣ አለባቸው፤ አንዱ መነጽር አድርጓል። ፊታቸው የዘፋኝ ፊት አልነበረም፤ ዜማ የሚያጠኑ ተማሪዎች ፊት ነበር።

የአውታሩ ዘጠኝ ደቂቃ አልቆ የቢተው ድምፅ ሲመለስ፣ የኔታም "እዚህ ከደረስህ መቼም ሰምተኸዋል" ሲሉ፣ እንዳላማው ወደ ድምፅ ማጉያዋ ጎንበስ አለ።

"ሰምቻለሁ፣ የኔታ" አለ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ብቻ ሂዊ ቀስ ብላ አውታሩን ልቁረጠው ወይ ብላ ጠየቀችው። የልጅቱን እጅ ይዞ ሳመው፤ ያ መልስ ሆናት። በትንሿ ስልኩ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዳለ ጫነችለት።

አውቶቡስ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ስለ ማዳበሪያ ሲያወራው ሉማሜ ደረሰ። ዘመናይ ገና ከበር ስታየው ካሴቱ ጠፍቷል ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ስልኩን ከፍቶ ሰጣት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች። ሲያልቅ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አድርጋ ቆየች።

"እኒህ ሰውዬ ከጣራዬ ሥር ሆነው ይህን ሁሉ ዘመን ሲመርቁህ ኖረዋል" አለች በመጨረሻ። "አንተ እኮ የእኔንም ነገር ጨርሰህ ሰምተህ አታውቅም።"

ሁለቱም ሣቁ፤ ሣቁ ግን ከለቅሶው የተለየ አልነበረም።

በማግሥቱ ጧት እንዳላማው አቶ አበረ ቤት ሄደ። ተማሪዎቹን እንዲሰበስቡለት ሲነግራቸው አቶ አበረ ታሞ እንዳይሆን ብለው ግንባሩን ሊነኩት ምንም አልቀራቸውም። ሦስት ጊዜ እንቢ ብለህ አሁን ምን ተገኘ አሉት። ምርቃቴ ትናንት ደረሰኝ አለ። ከማን ሲሉት ከየኔታ ፍቅረ ሥላሴ አለ። አቶ አበረ የየኔታ ሙት ዓመት ስንቴ እንደታሰበ ያውቃሉና አማተቡ፤ ጥያቄ ግን አልጨመሩም።

ሰባቱ ተማሪዎች ከደብሩ ግቢ፣ ከወይራው ሥር፣ ድጓቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁት። የቀድሞው መምህር ወንበር ተጠርጎ ነበር። እንዳላማው ከወንበሩ ፊት ትንሽ ቆመና ተቀመጠ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ያልተቀመጠበት ነገር ተራ የእንጨት ወንበር ሆኖ አገኘው፤ አንዱ እግሩም አጥሮ ይነቃነቅ ነበር። ዜማ አልጀመረም። ስልኩን አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ከፈተው፤ መምህራችሁ እኔ አይደለሁም፣ እሳቸው ናቸው አላቸው።

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ዐሥራ ሁለቱን ደቂቃ አዳመጡ። ዜማው አበቃ። የመጀመሪያዋ አውታር ተጎተተች። ተማሪዎቹ ቀና ብለው ተያዩ፤ አንዱ ሣቁን በጋቢው ሸፈነ። ከሁሉም ታላቅ የሆነው ዲያቆን የኔአለም፣ ጨዋ ልጅ ነውና፣ መምህሩ እንዳያፍሩ ተጨነቀ።

"የኔታ፣ ዘፈን ገባበት" ብሎ ሊዘጋው እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ።

እንዳላማው የልጁን እጅ ስልኩን ሳይነካ ያዘው።

"ተወው" አለ። "ገና አላለቀም።"